ለአለበል የተሠራው ዜማ

ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በወንድሜ መርዶ እልል አልኩ።

ሰዓቱን የማውቀው አባቴ ራዲዮኑን ስለከፈተ ነው። ሌላ ቀን ዜናው ሳያልቅ የማይዘጋው ሰው፣ ያን ቀን ሰዓቱ ሲነገር ብቻ ሰምቶ ዘጋው። ቀጠሮው በሰዓት ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እልልታዬም አንድ ጊዜ አልነበረም። ሁለቴ ጨርሼ ሦስተኛውን ስጀምር ነው አባቴ በመዳፉ አፌን የያዘኝ። ዛሬ ለቅሶ ቤት ተጠርቼ ሙሾ የማወርድ ሴት ነኝ፤ ማንም አላስተማረኝም። ብዙ ሰው ሲወድቅና ሲነሳ አይቻለሁ። ግን የዚያን ጠዋት ዓይነት ፊት አይቼ አላውቅም። የመጡበትን ረስተው እኔን ነበር የሚያዩት።

ነገሩ የሚጀምረው ከበረከት ዕቃ ነው።

በረከት የአክስቴ የየሻረግ ልጅ ነው። ቤታቸውና ቤታችን አንድ አጥር ይጋራል፤ ከአርብ ገበያ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ድጓ ሲማር ቆይቶ አቋረጠና መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ካምፕ ውስጥ ድንጋይ መሸከም ጀመረ። እዚያ አንድ ወጣት ፈረንጅ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ሰጠው። በአንድ እጅ የሚያዝ፣ የዳዊት መጽሐፍ የሚያክል፣ ግራጫ ነገር ነው። ፊቱ ላይ ትንሽ መስኮት አለው፤ በሁለት የባትሪ ድንጋይ ይሠራል።

«ጌም ነው» አለን በረከት፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከበበው።

ሲከፈት መኪና የለ፣ ኳስ የለ፣ የሚተኩስ ሰው የለ። ከላይ ወደ ታች የተደረደረ የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነበር።

«ይሄማ ሂሳብ ነው!» አለ አንዱ ልጅ። «እኔስ ከሂሳብ ነው የሸሸሁት» ብሎ ሄደ። ሌሎቹም እየሳቁ ተከተሉት። እኔ ብቻ ቀረሁ።

«ጌሙ የታለ?» አልኩት።

«ጌምስ የለውም። ዜማ የሚጻፍበት ነው። ፈረንጁ ምሳ ሰዓት ላይ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ዘፈን ሲሠራበት አይቼዋለሁ።» ዕቃውን ወደ ፀሐይ አዞረው፤ ፊቱ የራሱ ብርሃን ስለሌለው ፀሐይ ካልመታው አይታይም። «ድጓ ላይ ከቃሉ በላይ በቀይ የሚጻፉ ምልክቶች አሉ፤ ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ የሚነግሩ። ይሄም እንደዚያው ነው። ፈረንጅ ቃሉን ትቶ ምልክቱን ብቻ ጻፈው።»

ከዚያ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለራሱ፣ ሌላውን ለእኔ አደረገና ቁልፉን ተጫነ። ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ንብ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ንቧ የሠርግ ዘፈን ነበር የምትዘፍነው። በሳቅ ፈረስኩ። በዚያ ዕቃ የሰማሁት የመጀመሪያ ዜማ የሠርግ ስለሆነ፣ ዕቃው ለደስታ ብቻ የተሠራ መሰለኝ።

ወንድሜ አለበል በመስከረም ለሰሊጥ አጨዳ ሑመራ ወረደ። ሃያ ዓመቱ ነበር። እናቴ አልጣሽ ያኔ እርጉዝ ነበረች፤ ሲሰናበታት «ለክርስትናው እደርስልሻለሁ» አላት። ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገ። የማጭዱ እጀታ ላይ በጋለ ብረት የተኮሰው ትንሽ መስቀል ነበረበት፤ ሲተኩሰው እንጨቱ ሲሸት አጠገቡ ነበርኩ።

ከእኔ በኋላ እናቴ አንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የአያቴን መርዶ አራስ ቤት ድረስ ገብተው ነገሯት። ጡቷ ደረቀ። ልጁ አልቆየም። ይህንን በሰፈራችን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ጥቅምት 24 ቀን፣ ከአለበል ጋር የሄደው እሸቱ ብቻውን ተመለሰ። በማግስቱ እሳት ልጭር አክስቴ ቤት ስገባ፣ ከግድግዳው ጋር የቆመውን ማጭድ አየሁት። እጀታው ላይ መስቀሉ አለ። ጋቢውም ተጣጥፎ ከጎኑ ተቀምጧል።

«የአለበል ነው!» ብዬ ጮህኩ።

አክስቴ የሻረግ ከመደቡ ዘላ ተነስታ አፌን ያዘችኝ። «ዝም! ለእናትሽ እንዳትነግሪ!»

«መጣ እንዴ?»

ቀና ብላ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። እኔ ግን በልቤ ጨረስኩት። አለበል ዕቃውን አስቀድሞ ልኳል፤ እሱ ከኋላ ነው፤ እናቴን በድንገት ሊያስደስታት ነው። እሸቱን ልጠይቀው ብሮጥ አጥር ዘሎ ጠፋ። ከዚያ በኋላም እኔን ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይር ነበር። ሚስጥር መጠበቅ የከበደው መስሎኝ አዘንኩለት።

አለበል ጥቅምት 9 ቀን በወባ ሞቶ እዚያው ተቀብሮ ነበር። ማጭዱን ሳይ አስራ ስድስት ቀን ሆኖታል።

አርብ ጥቅምት 29 ቀን እናቴ ወለደች። ደጅ የቆሙት ሴቶች እልል አሉ። ግን እልልታቸው ብርድ እንደያዘው ሰው ጥርስ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ምነው አነሰሳ!» አለች እናቴ ከውስጥ፣ በደከመ ድምፅ። «ሴት ብወልድ ነው?»

አክስቴ ዙሪያዋን አየች። ከዚያ እጄን ጎትታ ከፊት አቆመችኝ። «በይ አንቺ በይው፤ አንቺ ጉሮሮ አለሽ። ምላስሽን እንዲህ አርጊ። በይ!»

እልልታ የተማርኩት ያን ቀን ነው። ብቻዬን ደጋግሜ እልል አልኩ፤ እናቴ ከውስጥ «ተባረኪ ደጊቱዬ» አለችኝ።

አባቴ ዋለ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። የነፍስ አባታችን ቄስ ገብረ ሥላሴ አጠገቡ ቆመዋል። «ሴት ናት!» ብዬ ለምሥራቹ ሮጥኩ። አባቴ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ወይኔ! ሰማንያ!» አለ።

«ዋለ፣ ቻለው እንጂ» አሉት ቄሱ። «ወንድ ቢሆን አርባ ነበር። ሴት ከሆነች ሰማንያ ነው። ሥርዓቱ ነው፤ ምን ይደረጋል።»

«አባ፣ አርባውንም እንዴት እንደምችለው ሳላውቅ!»

አባቴ ሴት ልጅ የሚጠላ ሰው ሆኖ ታየኝ። ለካ እኔንም አይወደኝም ብዬ ለብዙ ሳምንት አኮረፍኩት፤ የእጅ ውኃ ሳስታጥበው እንኳ ፊቱን አላይም ነበር። በአገራችን ወንድ በተወለደ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደምትነሳ አውቃለሁ። መርዶው ከክርስትናው በፊት እንዳይነገር ሽማግሌዎቹ መወሰናቸውን ግን ያኔ አላውቅም ነበር። አባቴ የልጁን ሞት በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከእናቱ ፊት ሰማንያ ቀን ሊሸከም ነበር። እኔም ጨመርኩበት።

አክስቴ የሻረግ በታች ጋይንት የታወቀች አልቃሽ ናት። ሙሾ ስትጀምር ሦስት ጊዜ ትጣራለች። የመጀመሪያው ዝቅ ያለ፣ ሁለተኛው ከፍ ያለ፣ ሦስተኛው ተነስቶ መሀል ላይ የሚሰበር። ያንን የሰማ ሰው የማን ድምፅ እንደሆነ አይጠይቅም። ግጥሟን የምታወጣውም ጮክ ብላ ነው፤ ጥጥ ስትፈትልም ባቄላ ስትፈለፍልም ድምፅዋ አጥር ተሻግሮ ይመጣብን ነበር። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ግን ቤታቸው ጭጭ አለ።

በኅዳር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከጭድ ክምሩ ጀርባ እሷንና በረከትን አገኘኋቸው። ዕቃው በረከት ጉልበት ላይ፣ ማዳመጫው የአክስቴ ጆሮ ውስጥ ነው። ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ደረቷ ይነሳል ይወድቃል፤ ድምፅ ግን የለም። በረከት ቁልፍ ይነካል፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፤ እንደገና ይነካል። እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል።

በጣም ደነገጥኩ። አክስቴን ያለ ድምፅ አይቻት አላውቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ በረከት እንደነገረኝ፣ ለእህቷ ልጅ ሌላ ሬሳ ላይ ያወረደችውን ዜማ ልትጠቀም አልፈለገችም፤ ለማንም ያልተባለ ይሁን አለች። ጮክ ብላ እንዳትሞክር ደግሞ እናቴ ከአጥሩ ወዲህ አራስ ናት። ስለዚህ በረከት ዜማውን ዕቃው ውስጥ ጻፈላት፤ እሷ በጆሮዋ እየሰማች ግጥሙን በከንፈሯ ትለማመዳለች። እርሻ ስትሄድ ይከተላታል፣ እንጨት ለቀማ ስትሄድ ይከተላታል። መጀመሪያ ተቆጥታው ነበር።

«ይሄ ዕቃ አልቅሶ አያውቅም እንዴ? ድምፁን ይቆራርጠዋል እንጂ አይጎትተውም!»

«እማ፣ መጎተቱን አንቺ ጎትቺው። እሱ መንገዱን ብቻ ያሳይሽ» አላት።

እኔ ያን ጊዜ የሰማሁት ይህን አይደለም። በረከት ሲያየኝ ዕቃውን ጭዱ ውስጥ ሸጎጠው።

«ምንድነው የምትሠሩት?»

እርስ በርስ ተያዩ። «ለአለበል የሚሆን ነው» አለ በረከት። «ለእናትሽ አንድ ቃል ብትተነፍሺ ትጎጃታለሽ። ከክርስትናው በኋላ ትሰሚዋለሽ። ማርያምን በይ።»

«ማርያምን።»

«እንደገና።»

«ማርያምን አልናገርም አልኩ'ኮ!»

አለበል ለክርስትናው ሊመጣ፣ አክስቴ ዘፈን ልታወጣለት! የምታለቅሰው ናፍቋት ነው። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። እየዘለልኩ ወደ ቤት ሄድኩ። ዕቃው ጭዱ ውስጥ የት ጋ እንደሚደበቅም ያን ቀን አወቅሁ።

ታኅሣሥ ሲገባ እናቴ ስለ አለበል መጠየቅ አበዛች። «ዘንድሮ ሰሊጡ ብዙ ነው አሉ» ይላል አባቴ፣ ጫማውን እያየ። «መኪና ጠፍቶ ነው እንጂ በመንገድ ላይ ነው» ትላለች አክስቴ። ቄስ ገብረ ሥላሴ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ብትጠይቃቸው «እግዚአብሔር ያውቃል ልጄ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሟትና ጠበሉን ሳይጨርሱ ወጡ።

ገንፎው እንደቀረበ መመለስ ጀመረ። ሕፃኗ ትጠባለች፣ ታለቅሳለች፣ እንደገና ትጠባለች። አንድ ቀን ጎረቤታችን ለአባቴ «ጡቷ እየቀነሰ ነው ዋለ፤ እንደ ያኛው እንዳይሆን» ስትለው ሰማሁ። እንደ ያኛው የሚለው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ያንን ልጅ ጨርቁን ይዤ አባብዬው ነበር።

መድኃኒቱ ደግሞ በእጄ ነው። እናቴ ብቻዋን የማታውቀው አንድ የሚያስደስት ነገር አለ፤ ብታውቀው ትበላለች።

አርብ ታኅሣሥ 25 ቀን፣ ለገና በዓል ሦስት ቀን ሲቀር፣ ትልልቆቹ ሁሉ ወደ ገበያ ወጡ። በረከት ካምፕ ነው። ዕቃውን ከጭዱ አውጥቼ ወደ እናቴ ገባሁ። ማርያምን ያልኩት ላለመናገር ነው፤ ማሰማት መናገር አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

«እማ፣ አንድ ነገር ላሰማሽ።»

«ያ የበረከት ሂሳብ ነው?» ፈገግ አለች። ሕፃኗ ጡቷ ላይ ናት።

ብርሃን እንዲመታው በሩ አጠገብ ተንበረከክሁ። የማዳመጫውን ገመድ ነቀልኩት፤ ያኔ ድምፁ ወደ ውጭ ይወጣል። ቁልፉን ተጫንኩ።

ንቧ ተጣራች። አንዴ፣ ዝቅ ብላ። ሁለቴ፣ ከፍ ብላ። ሦስተኛው ተነስቶ መሀል ላይ ተሰበረ።

የሕፃኗን ራስ ትዳብስ የነበረችው የእናቴ እጅ ቆመች።

«ይሄ የየሻረግ ነው» አለች።

«አዎ!» አጨበጨብኩ። «አወቅሽው!»

ዜማው ይቀጥላል። እናቴ በረዥሙ ተነፈሰች። «ለማን ነው?»

ማርያምን ብያለሁ።

«ደጊቱ። ለማን ነው?»

ከዚያ በኋላ አፌን መያዝ አልቻልኩም። «ለአለበል ነዋ! ለክርስትናው ሲመጣ ሊዘፍኑለት! ማጭዱንና ጋቢውን እኮ አስቀድሞ ልኮታል፣ እትዬ የሻረግ ቤት ነው፣ እሸቱ ነው ያመጣው፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ!»

«እሸቱ መጥቷል?»

«ድሮ! አንቺ ሳትወልጅ።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«ሁሉም! አባዬም፣ ቄሱም፣ ሁሉም። የማታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ!»

ከጉሮሮዋ ሳቅ የመሰለ ነገር ወጣ። ሳቅ ነው ብዬ እኔም ሳቅሁ። ወደ ሕፃኗ ጎንበስ አለችና ብዙ ጊዜ ቀና አላለችም። ከዚያ፣ «ድገሚው» አለች። ደገምኩት። «ድገሚው።» አሁንም ደገምኩት። ለአራተኛ ጊዜ ስትል ድምፅዋ ወፍራም ነበር፤ ጉንፋን የያዛት መሰለኝ።

«ገንፎ አለ?» አለች በመጨረሻ።

ጠዋት የተመለሰውን ገንፎ ከነቅቤው አቀረብኩላት። በላች። በጣቷ እየጠቀለለች፣ ሳታኝክ ትውጠው ነበር። እንባዋ እየወረደ፣ «በርበሬው ነው» አለችኝ። ሳህኑን ጨርሳ ዘረጋችልኝ። «ጨምሪልኝ።»

ሁለተኛውንም ጨረሰች። ደስታ ሰውን እንዲህ የሚያስርብ ከሆነ ምነው ቀደም ብዬ በነገርኳት ብዬ ተቆጨሁ።

ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝ። «ለማንም እንዳወቅሁ እንዳትናገሪ። እኔን ብለው ነው የደከሙት፤ ካወቁ ይከፋቸዋል። ማርያምን በይ።»

«ማርያምን» አልኩ። ሁለተኛ መሐላዬ ነበር፤ ይህንን እስክትሞት ጠብቄዋለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ እርሻ ሲወጣ፣ «ያንን አምጪው» ትለኛለች። ማዳመጫውን በሻሿ ሥር ጆሮዋ ውስጥ ታስገባና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታጠባለች። ከዚያ ትበላለች። ትርፉን እንኳ አታስቀርም። ሕፃኗ ወፈረች፤ ጎረቤቶች «አልጣሽ ተመስገን ነው፣ ፊቷ ተመለሰ» አሉ። በረከት ብቻ ይነጫነጭ ነበር።

«እማ፣ ይሄን የባትሪ ድንጋይ ማነው የሚጨርሰው? ባለፈው አርብ እኮ ነው የገዛሁት!»

«እኔን ትላለህ? እኔ ግጥም እንጂ ድንጋይ አልበላም» ትለዋለች አክስቴ። እኔ ጭድ እያኘኩ እሰማቸዋለሁ።

እሑድ ጥር 18 ሕፃኗ ክርስትና ተነሳች። ወለተ ማርያም ተባለች፤ የቤት ስሟ ትርሲት ነው። ድግሱ ላይ ማንም ብዙ አልጠጣም፤ ማንም አልዘፈነም። ቀኑን ሙሉ ወደ መንገዱ እያየሁ ዋልኩ። አለበል አልመጣም። ነገ ነው ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ስነቃ እናቴ ተነስታ ነበር። ሕፃኗን አጥብታ አጥግባታለች። አዲሱን ቀሚሷን አውልቃ አሮጌውን ለብሳለች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ታስራለች። አባቴ ራዲዮኑን ሲዘጋ ሰማሁ። ደጅ የብዙ እግር ኮቴ አለ፤ ንግግር ግን የለም።

«ያዣት» ብላ ትርሲትን ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። «አጥብቀሽ ያዣት። እንዳትጥያት።»

ወደ በሩ ሄደች። ቄስ ገብረ ሥላሴ እደጁ ቆመው አንድ ነገር በዝግታ ነገሯት፤ እኔ ጓዳው ውስጥ ስለነበርኩ አልሰማሁም። ከዚያ ከደጅ፣ በአክስቴ በየሻረግ ሙሉ ድምፅ፣ ሦስቱ ጥሪ መጣ።

ዜማው ነው! ያው ዜማ! ንቧ ሰው ሆናለች! አለበል መጥቷል!

ትርሲትን ታቅፌ እልል አልኩ። እልል እያልኩ ወደ ደጅ ሮጥኩ። በእናቴ ጎን አልፌ ግቢው መሀል ቆሜ ሁለተኛውን እልልታ ለቀቅሁት።

ግቢው ጢም ብሎ ሞልቷል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። አክስቴ አፏ እንደተከፈተ ድምፅዋ ተቋርጧል። እሸቱ የአለበልን ማጭድ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ሁሉም እኔን ያያሉ። አለበልን በመሀላቸው ፈለግሁት። ሦስተኛውን እልልታ የጀመርኩት እየፈለግሁት ነው። ያኔ የአባቴ መዳፍ አፌ ላይ አረፈ፤ ሌላው እጁ ሕፃኗን ከሥር ደገፋት።

«ልጄ፣ ሞቷል'ኮ» አለኝ በጆሮዬ። «ሞቷል።»

ከዚያ በኋላ ያለው በጆሮዬ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው የቀረው። አክስቴ እንደገና ስትጀምር፣

ሰሊጥ አጭዶ ሊሸጥ ሑመራ የሄደው፣
ማጭዱማ ተመልሶ እጁን ማን ወሰደው?

ሴቶቹ ሲጮኹ፣ እሸቱ ሲንበረከክ። እናቴ ግን አልወደቀችም። ሊደግፏት የቀረቡትን ሁለት ሴቶች በእጇ ገለል አደረገቻቸው። ወደ አክስቴ ሄዳ ፊት ለፊቷ ቆመች። ከዚያ ሰማንያ ቀን ተደብቆ የተሠራውን ያንን ዜማ፣ አንድ ቦታ እንኳ ሳትስት፣ በራሷ ግጥም መለሰችላት።

ለእኔ ስትሉ ነው የደበቃችሁኝ፣
እኔም ለናንተ ስል የማላውቅ መሰልኩኝ።

ለቅሶው በአንዴ ቆመ። ቄስ ገብረ ሥላሴ መስቀላቸው ከእጃቸው ወደቀ። በረከት «ዜማውን የት ሰማችው?» ሲል ሰማሁ። አክስቴ የእናቴን ትከሻ ጨብጣ ነቀነቀቻት።

«ማነው የነገረሽ? አልጣሽ፣ ማን ነገረሽ?»

እናቴ ወደ እኔ አላየችም። «ማንም» አለች። «የወለድኩት ልጅ ነው። ሰው እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ?»

ሰፈሩ ይህንን አመነ። የእናት አንጀት ነገራት ተባለ፤ ዜማውም በአጥር በኩል ሳታስበው ገብቷት ይሆናል ተባለ። እኔም አመንኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የማስታውሰው እልልታዬን ብቻ ነበር። «እልል ያለችው» የሚል ስም ወጥቶልኝ እስከ ሰባተኛ ክፍል ተከተለኝ። አክስቴም ያንን ዜማ ሁለተኛ አላወረደችውም፤ እልልታ ገብቶበታል አለች።

በ2005 ዓ.ም. በረከት ሥራ አግኝቶ ንፋስ መውጫ ሲገባ ዕቃውን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። «እኔ ልከፍተው አልችልም» አለኝ። የባትሪ ድንጋይ ገዛሁለት። ከብት ስጠብቅ፣ ውኃ ስቀዳ እሰማዋለሁ፤ አክስቴ እንዳደረገችው በከንፈሬ ብቻ ግጥም እሞክራለሁ። ሙሾ የተማርኩት እንዲህ ነው።

አንድ ቀን በራችን ላይ ቁጭ ብዬ ስሰማ፣ ማዳመጫው ስለተበላሸ ገመዱን ነቀልኩት። ዜማው ወደ ውጭ ወጣ። አውራ ጣቴን ቁልፉ ላይ አየሁት። ድገሚው የሚለው ድምፅ መጣብኝ፤ የቆመችው እጅ፣ ሳታኝክ የዋጠችው ገንፎ። እሸቱ መጥቷል? ማን ማን ያውቃል? ሁሉም፣ የማታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ዕቃው ከእጄ ወደቀ። መርዶ ነጋሪዋ እኔ ነበርኩ። ያውም እያጨበጨብኩ።

እናቴ ከውስጥ ባቄላ ትለቅም ነበር። ዕቃውን አንስቼ ገባሁና ፊቷ ቆምኩ። እጄ ላይ አየችውና ገባት።

«ዛሬ ነው የገባሽ?» አለች።

«እማ፣ እንዴት ሃያ አራት ቀን...»

«ጡቴ እንዳይደርቅ ፈርቼ ነዋ።» አንድ የነቀዘ ባቄላ ለይታ ጣለች። «ሁለተኛውን ሳህን ታስታውሻለሽ? እንዴት እንደወረደልኝ እግዜር ነው የሚያውቅ። በይ ተቀመጪ፣ ልቀሚልኝ።»

ተቀምጬ ለቀምኩላት። ሌላ ቀን አንስተነው አናውቅም።

ዕቃውን በ2007 ዓ.ም. ስከፍተው ውስጡ የነበረው ዜማ ሁሉ ጠፍቶ ነበር፤ የሠርጉም፣ የአለበልም። ቁጥሮቹ ባዶ መስመር ሆነዋል። እናቴ በ2011 ሰኔ ላይ አረፈች፤ ሦስቱን ጥሪ እኔ ተጣራሁ።

ትርሲት ጡት የጣለችው በ2002 ዓ.ም.፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ተኩል ያህል ቀርቷት ነበር።